የሰምርኔስ ወፎች

«ስማይርና» የሚለው ስም ለየኔታ አልዋጥላቸው አለ። በመጡ በማግሥቱ ልጃቸው በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን «ሰምርኔስ ነው የሚባለው» ብለው ደመደሙ። «ዮሐንስ በራእዩ መልእክት ከላከላቸው ከሰባቱ አንዷ ናት። እናንተ ናችሁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫችሁ የምትጠሯት።» እውነታቸውን ነው። ከአትላንታ ሰሜን ምዕራብ፣ ኮብ ካውንቲ ውስጥ ያለችው ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1872 ስትቋቋም ይዛው የተነሣችው የዚያችኑ የጥንቷን ከተማ ስም ነው። «ደግሞ ልብ በል» አሉኝ፤ «ሰሙ ከስሟ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። ወርቁን ስታገኝ ንገረኝ።»

የኔታ ዋሸራ ያደሩ የቅኔ ሰው ናቸው። እኔ ከተማሪዎቻቸው መካከል ያልሆነልኝ ነኝ፤ ከመሪጌታ ሸሽቼ መሪ ጨበጥኩ፣ አሁን አትላንታ ውስጥ ከአየር ማረፊያ ሰው አመላልሳለሁ። ልጃቸው ጎረቤቴ ስለሆነች ዘንድሮ ሊጠይቋት ሲመጡ ማመላለሱም ማስተርጎሙም በእኔ ላይ ወደቀ።

ከሰፈራችን መግቢያ አንዲት ቀጭን ጥቁር ብረት ተተክላለች። ጫፏ ላይ ከፀሐይ ኃይል የምትሰበስብ ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳዋ ሥር ደግሞ ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለች። የኔታ ጸሎታቸውን አድርሰው እግራቸውን ሊያፍታቱ ሲወጡ እዚያ ይቆማሉ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው እጅ ይነሣሉ፣ ከካፖርታቸው ኪስ ጤፍ ዘግነው ከሥሯ ይበትናሉ። ጤፍ! ልጃቸው ከሐበሻ ሱቅ በዶላር የምትገዛውን።

«የወፍ ቤት ናት» አሉኝ። «ይህ አገር ለወፍ ቤት ሠርቶ፣ መብል አቅርቦ የሚኖር አገር መሆኑን በየደጁ አይቻለሁ። ይህችኛዋ ብቻ ባዶዋን ናት።»

«የኔታ፣ ካሜራ እኮ ናት። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያስተከላት። የሚገባ የሚወጣውን መኪና ታርጋ ታነባለች፤ ቀለሙን፣ ዓይነቱን፣ ኋላው ላይ የተለጠፈውን ሳይቀር ትመዘግባለች። ሌባ ሲመጣ ፖሊስ በዚያ ይደርስበታል።»

«ማን ሠራት?»

እዚሁ አትላንታ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመሠረተው ፍሎክ ሴፍቲ መሆኑን ነገርኳቸው። ፍሎክ ማለት? መንጋ። የበግ ነው የወፍ? ለሁለቱም ይሆናል። ታርጋ አንባቢውን ፋልከን ብለውታል፣ ጭልፊት ማለት ነው፤ የተኩስ ድምፅ የሚያዳምጠውን ሬቨን፣ ቁራ፤ ቪዲዮ የሚቀርጸውን ደግሞ ኮንዶር፣ እሱም ትልቅ ጥንብ አንሣ ነው። በ2025 እንዲያውም ድርጅቱ በዚህችው በእኛዋ ስማይርና 10 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ ፋብሪካ እንደሚከፍት፣ 210 የሥራ ቦታም እንደሚፈጥር የጆርጂያው ገዥ አብሥረዋል። የሚሠራው ድሮን ነው።

«ድሮን ምንድን ነው?»

«እየበረረ የሚያይ ካሜራ።»

የኔታ እጃቸው ላይ የቀረውን ጤፍ አራግፈው ቀና አሉ። «ታዲያ ወፍ ናት ስልህ ምን ታደርቀኛለህ!»

እኔ የሳቅሁት በሰሙ ነበር። ወርቁ የገባኝ ማታ አውጫጭኝን ሲያነሡ ነው። አንዳንዱ አገር አፈርሳታ ይለዋል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ጎጆ መመለስ የለም። እርሻው ዳዋ ቢውጠው፣ ያራስ ጡት ቢያግት እዚያው ይዋላል። በሰዉ መካከል ፊቱ የማይታይ፣ ስሙ የማይጠራ ጠቋሚ ይኖራል፤ ያየውን በምስጢር ለሽማግሌዎቹ ያደርሳል። ይህ ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል። ወፍ ነገረን ከተባለ ወዴት እንደምታድር አይጠየቅም።

«መጥፎ ነበር?» አልኳቸው።

«ንጹሑን ከሌባው ጋር አብሮ የሚያስር ነገር መቼም መልካም አይባልም። ግን አንድ ነገር ነበረው። ሌባው ሳይወጣ ከቀረ ያገሩ ሰው አዋጥቶ ለተሰረቀው ይከፍላል። ፍተሻ ባዶውን ሲወጣ ዕዳ ነበረበት። ይህችኛይቱ ወፍ ያልሰረቀውን ሁሉ መዝግባ ሌባውን ስታጣ የሚከፍል ማነው?»

«ማኅበሩ ይከፍላል።»

«ለማን?»

«ለወፏ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ሙግት አይቅርብኝ ብዬ የጎረቤቴ መኪና ተሰርቆ በሁለተኛው ቀን የተገኘው በዚህችው ሣጥን መሆኑን ነገርኳቸው። መረቋት፤ ምርቃት አይነፍጉም። «ዓይን መኖሩ መልካም ነው። ያየችውን መቼ ትረሳዋለች?» አሉ ቀጥለው። በድርጅቱ ልማድ በ30 ቀን ይጠፋል። የጆርጂያ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፖሊስ የታርጋ መረጃን እስከ 30 ወር እንዲያቆይ ይፈቅዳል። የኔታ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሙት እንኳ በአርባው ተዝካሩ ወጥቶ ይረፍ ይባላል። የልጄ መኪና ሥጋ ልትገዛ ወጥታ ለ30 ወር አታርፍም ማለት ነው?» ሥጋ ልትገዛ ስለመውጣቷ ጉዳይ ፖሊስ ምን ሊያደርገው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ ያ ቀን የትኛው ሳምንት እንደሆነ ትዝ አለኝ። ጾም ነበር። ዝም አልኩ።

የኔታ ከፍተሻ ጋር የተዋወቁት ገና ከአውሮፕላን ሲወርዱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2023 ወዲህ አትላንታ ድረስ ስለሚበር ከቤት የተጫነው ሁሉ ሳይጎድል ነው የሚደርሰው፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ እና ማንም ሳያማክራቸው የሸከፉት ቋንጣ። ሻንጣ ሲጠብቁ ጆሮዋ የተንጠለጠለ ትንሽ ውሻ በሰዉ መካከል እየተሽሎከለከች መጣች፣ የኔታን ቀና ብላ አየች፣ ከሻንጣቸው አጠገብ ቁጭ አለች። ያለቀ ነገር ነው። እነዚህ ውሾች የሚሠለጥኑት ከአትላንታ ብዙም በማይርቀው ኒውናን በሚባል ከተማ ነው፤ ሥጋና ፍራፍሬ በሽታ ይዞ እንዳይገባ አነፍንፈው ይለያሉ። መኮንኑ በትሕትና ቋንጣውን ወሰደ። ልጃቸው አፈረች። የኔታ ግን ዓይናቸው በርቶ ነበር።

«ሌባሻይ! ሌባሻይ እዚህ አለ እንዴ?»

ለማያውቀው ላስታውስ። ሌባ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ገመድ አስረው ይለቁታል። ልጁ በሰከረ እግሩ መንደሩን ያስሳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባው ቤት ነው። ባለቤቱ ቢምል ቢገዘት ወይ ፍንክች፤ ልጁ ወድቋል፣ ይከፍላል። ገመዱን የሚይዘው ሌባሻይ ከባለቤቱ ጋር ቂም ቢኖረውስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው በማግሥቱ ልጁ ደጁ ላይ ቢወድቅበት አይገረም።

«ውሻዋ ግን ከእኛው ሌባሻይ ትሻላለች» አሉ የኔታ። «የተቀመጠችበት ሻንጣ ውስጥ በእርግጥ ቋንጣ ነበረ። እኔም ሳልፈልግ አጨበጨብኩላት። ከሷ በላይ የሚፈትሽ አላችሁ?»

አለን። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 2017 ሊነጋጋ ሲል የኤፍቢአይ ታጣቂዎች እዚሁ አትላንታ የአንድ ቤተሰብን በር ሰብረው ገቡ። ጆሮ የሚያደነቁር፣ ዓይን የሚያጠፋ ፈንጂ ወረወሩ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ በተደበቁት ጥንዶች ላይ መሣሪያ ደገኑ፤ የሰባት ዓመት ልጅ በሌላ ክፍል ብቻውን ነበር። የሚፈለገው ሰው ግን የሚኖረው ሌላ መንገድ ላይ፣ ሌላ ቤት ነው። ቡድኑን የመራው ሰው ወደዚያ የወሰደኝ የግል ጂፒኤሴ ነው አለ።

«ልጁን ምን አጠጥተውት ነበር አልከኝ?»

«ጂፒኤስ።»

«ከፈሉ?»

ቤተሰቡ ከሰሰ፤ የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች አሰናበቷቸው፤ ሰኔ 2025 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ «ጉዳዩ እንደገና ይታይ» ብሎ ወደ ታች መለሰው። ይክፈሉ አላለም፤ አይክፈሉም አላለም። የኔታ ይህን ሲሰሙ ስለ ፍርድ ቤቱ ክፉ አልተናገሩም። «ሌባሻይ የወደቀበት ቤት ሁልጊዜ ይከፍላል» ብቻ አሉ፣ የቡና ስኒያቸውን ገልብጠው።

ስለ አየር ማረፊያው ሲጠይቁኝ እንደ ባለሙያ ነው የመለስኩላቸው፤ ዕንጀራዬ ነው። ሃርትስፊልድ-ጃክሰን ላይ በ2024 ብቻ ከመንገደኛ ሻንጣ 440 ሽጉጥ ተይዟል፤ ካገሪቱ አየር ማረፊያዎች ሁሉ አንደኛ። የኔታ አማተቡ። «ያ በር ይባረክ። ማንም ከማን ሳይመረጥ ያልፍበታል፤ ያገኘውም ይቆጠራል።» እኔ ደግሞ ለእውነት ስል ጨመርኩላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ራሱ መሣሪያና አስመሳይ ፈንጂ ያስያዛቸው ሰዎች ልኮ ፈታሾቹን ሲፈትን ከ70 ሙከራ 67ቱ ሳይያዙ አልፈዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ተጠባባቂ ኃላፊም ከቦታቸው ተነሥተዋል። ጫማስ? በ2001 አንድ ሰው ጫማው ውስጥ ፈንጂ ይዞ ስለተሳፈረ ከ2006 ጀምሮ ሕዝበ አዳም ጫማውን አወለቀ። ሐምሌ 2025 ላይ ቀረ።

«19 ዓመት ሲያወልቁ የኖሩት ምን ተባሉ?»

«ይልበሱ ተባሉ።»

ከዚህ በር ማዶ ግን ሌላ በር አለ። መንገደኛው ተፈትሾ፣ ቲኬቱን አሳይቶ፣ ወደ አውሮፕላኑ በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሲደርስ የክሌይተን ካውንቲ ፖሊሶች ያስቆሙታል። መታወቂያውንና መሳፈሪያውን ተቀብለው ዕፅ ይዘህ እንደሆነ፣ ሻንጣህን ብናይ ፈቃድህ እንደሆነ ይጠይቁታል። በዚህ የተቆጡት ኤሪክ አንድሬና ክሌይተን ኢንግሊሽ የተባሉ ኮሜዲያኖች በ2022 ከሰሱ። በክሱ እንደተዘረዘረው ከነሐሴ 2020 መጨረሻ እስከ ሚያዝያ 2021 በነበሩት ስምንት ወራት 402 ሰው ቆሟል፤ ዘራቸው ከተመዘገበው ከግማሽ የሚበልጡት ጥቁሮች ናቸው። ዕፅ የተገኘው ከሦስት ሰው ነው፤ ከአንዱ 10 ግራም ያህል፣ ከአንዷ ጥቂት ከረሜላ መሳይ፣ ከሦስተኛው ያለ ሐኪም ወረቀት የተያዙ ስድስት ክኒኖች። ከ25 መንገደኞች ግን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ተወስዷል።

«ዕፅ ሲፈልጉ ብር አገኙ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ሌባሻያቸው ብልህ ነው። ጌታው የጎደለውን ያውቃል።» ትንሽ ቆይተው «አይሆንም ማለት ግን ይቻላል አይደል?» አሉ።

«ይቻላል።»

«ሁለት ሽጉጥ የታጠቁ ሰዎች መታወቂያህን ይዘው፣ አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል፣ ጠባብ ቦታ ላይ?»

«ይቻላል ይባላል፣ የኔታ።»

«እኛ አገር ይሻላል» አሉ ድንገት። ደነገጥኩ፤ አገር ሲያመሰግኑ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እኛ አገር ፈታሹ ፊት ለፊት ነው የሚያገኝህ። አዲስ አበባ ለቪዛ ስመላለስ ባንኩም ሕንጻውም ደጁ ላይ ልጅ አቁሞ ባየር ላይ የሚያወናጭፋት ብረት አስይዞታል። ብረቷ እኔ ላይ ጮኸች። ምንድን ነው አባቴ አለኝ። ቁልፍ ነው አልኩት። ይለፉ አለኝ፣ መስቀሌን ተሳልሞ። ቁልፉን አላየውም። መስቀል የተሳለመ እጅ ኪስ አይገባም። ታርጋችንስ ብትል? ከየት ክልል እንደመጣህ በፊደል የሚጮህ ታርጋ ስንት ዘመን ለጥፈን ኖረናል፤ ወፍ ምን ያደርግልናል? ኬላ ላይ ደግሞ ስልክህን ከፍተህ ትሰጣለህ። ልጁ ፎቶህን አንድ ባንድ እያየ ይህ ማነው፣ ይህችስ የት አገር ናት እያለ ይጠይቅሃል። ዘመድ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ነው። የዚህ አገር ካሜራ መቼ እንዲህ ሰው ይወዳል?»

እኔ፣ የማይረባ ተማሪ፣ ሕገ መንግሥቱን ጠቀስኩላቸው፤ አንቀጽ 26፣ የግል ሕይወትና የቤት መከበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ማዘዣ መፈተሽ ፈቅዶ እንደነበር፣ ከአሥር ወር በኋላም ጊዜው ማብቃቱን ጨምሬ አስረዳሁ። የኔታ አንገታቸውን በትዕግሥት ነቀነቁ።

«አዎ፣ አዋጁ አልቋል አሉ። ኬላው ግን ሬዲዮ የለውም።»

ከዚያ የወጣትነታቸውን አሰሳ አጫወቱኝ። መጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ፣ መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ወረቀት ማባዣ ሲታደን፣ እሳቸው ከዘመድ ቤት አርፈው ነበር። ሰዉ መጽሐፉን ሽንት ቤት ሲጨምር እሳቸው የሚጥሉት አጥተው ቁጭ አሉ። ፈታሾቹ ገብተው ብራናቸውን አነሡ። አንዱ ገለጠው፣ አዟዟረው፣ «ምንድን ነው የሚለው? አንብብ!» አላቸው። የኔታም ከብራናው ላይ ያልነበረ፣ እዚያው የወለዱት የግእዝ ቅኔ በዜማ ለቀቁበት። ስለ ሰውዬው፣ ስለ አለቃው፣ ስለ አለቃው አለቃም አልቀረ።

«ምን አለዎት?»

«ባርኔጣውን አውልቆ አሜን አለ።»

ሌላ ቀን ዜና ሳነብላቸው ነገሩ ወደ ሴቶች ዞረ። ካንሳስ ውስጥ ሴጅዊክ በምትባል ትንሽ ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበረ ሰው ከተለያት ፍቅረኛው መኪናና ከአዲሱ ወዳጇ መኪና ኋላ በዚሁ የፍሎክ ካሜራ 228 ጊዜ ሲፈልግ ተደርሶበታል። በእኛው ጆርጂያም የብራዝልተን ከተማ ፖሊስ አዛዥ ካሜራዎቹን ሰው ለመከታተል ተጠቅሟል ተብሎ ኅዳር 2025 ላይ ታስሯል። ቴክሳስ ደግሞ ግንቦት 2025 አንድ የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ፅንስ አስወረደች የተባለች አንዲት ሴት ፍለጋ በመላ አገሪቱ ከ83 ሺህ የሚበልጡ ካሜራዎችን ጠይቋል። ወፏ የጠያቂዋንም ስም ትመዘግባለች አልኳቸው፤ መዝገቡን የሚከፍት ሲገኝ ነው እንዲህ ያለው የሚወጣው።

«የሚከፍተውስ ማነው?»

«አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው።»

የኔታ ዓይናቸውን ከደኑ። እንዲህ ሲሆኑ ሰው መናገር የለበትም። ከዚያ የካንሳሷን ሴት እንደሚያጽናኑ ሆነው፣ ቀስ ብለው፦

ሰማኒያሽን ቀዶ መች ጨርሶ ተወሽ፤
መንገድሽን እያየ ያ ሰውዬ ፈታሽ።

አሳዘነችኝ። የተፈታች ሴት፣ በመንገድ ስትሄድ ቆሞ ያያት ባል። «ምስኪን» አልኩ። የኔታ ምንም ሳይሉ ተነሥተው ሊተኙ ገቡ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ሞተር አስነሥቼ፣ ከሰፈሩ ስወጣ የመኪናዬ መብራት ጥቁሯ ብረት ላይ አረፈ። ፈታሽ! የሰማኒያው ፍቺ ሰሙ ነበር። ስምንት ዓመት ቅኔ ቤት የደበደቡኝ በከንቱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የስማይርና ወፎች፣ ላባ ያላቸው ማለቴ ነው፣ ጤፉን ለመዱት። ድንቢጡም ርግቡም ጠዋት ጠዋት ብረቷ ላይ ይሰፍራል፤ በልቶ ሲያበቃ ደግሞ ወፍ የሚያደርገውን ያደርጋል። ሰሌዳዋ ነጣች፣ የሣጥኗ ዓይን ተለሰነ። አንድ ጠዋት መሰላል የያዘ ጎልማሳ መጥቶ በጨርቅ ሲፈትግ አገኘነው።

«እዚህ ወፍ የሚቀልበው ማነው?» አለኝ፣ ያለ ቁጣ።

«ሣጥኗ አልያዘችውም?»

«ለታርጋ ነው የተተከለችው።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰውየውን እጅ ነሡና «ታርጋ ያለው ወፍ ቀላቢ ቢሆን ኖሮ ስንት ወር ታቆዩት እንደነበር አውቃለሁ በለው» አሉኝ።

ሰውየው የኔን አፍ አፍ ያያል። ሰሙን ብቻ ተረጎምኩለት።

«ወፍ ይወዳሉ» አልኩት።